ሰባቱ ፈራሚዎችና ሰባቱ ከዋክብት

ሐዋሳ ላይ ለሥነ ልቦና ተማሪዎችና ለሳይንስ መምህራን ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ። ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናነሳው፣ ሀገር በቀል እውቀት ሳይንስ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር የተነሣው ከዚህ እጅግ ርቆ በሚገኝ አገር፣ በኒው ዚላንድ፣ ሰባት ምሁራን በፈረሙት ደብዳቤ ነው፤ ነገሩ ግን ደጃችን ላይ ቆሟል። ሀገር በቀል እውቀት በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ ቦታ ተሰጥቶታል። ቦታ ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ የዘገየም ነው። መምህሩ ግን ክፍል ገብቶ ምን ይበል? የትኛውን «ተፈትኖ ጸንቷል» ይበል? የትኛውን «አባቶች እንዲህ ይላሉ» ብሎ ያሳልፍ? የትኛውንስ «ይህ ሕፃን ይጎዳል፤ አታድርጉት» ይበል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይዘጋጅ እውቀቱ መጽሐፍ ውስጥ ከገባ፣ ተማሪው የሚያገኘው ውዳሴ ብቻ ነው። ውዳሴ ደግሞ ለእውቀት ክብር አይሆነውም።

ከሰባቱ ፈራሚዎች አንዱ ከነበሩት ሰው እንጀምር። ማይክል ኮርባሊስ በ1936 ኒው ዚላንድ ውስጥ ማርተን በምትባል የገጠር ከተማ ተወለዱ፤ ያደጉት በበግ እርባታ ላይ ነው። መጀመሪያ ያጠኑት ሒሳብ ነበር፤ ወደ ሥነ ልቦና የዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። ዶክትሬታቸውን በ1965 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ከሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ አገኙ። እዚያው ካስተማሩ በኋላ በ1978 ወደ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሆኑ።

ያጠኑትን ነገር ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ ለኋላው ክርክር ይጠቅመናል። አንዱ ጥያቄያቸው ግራና ቀኝ ነበር። የሰው አንጎል በሁለት ተመሳሳይ በሚመስሉ ክፍሎች የተሠራ ሆኖ ሳለ ሥራው ለምን እኩል አልተከፈለም? ሌላው ነገሮችን በሐሳብ ማዞር ነው። አንድ ፊደል ተዘቅዝቆ ወይም አዘንብሎ ብታዩትና «ትክክለኛው ነው ወይስ በመስታወት የተገለበጠው?» ብትባሉ፣ ለመመለስ የሚፈጅባችሁ ጊዜ ፊደሉ ባዘነበለ መጠን ይጨምራል። አእምሮ ምስሉን ቀስ ብሎ ያቃናዋል፤ ያ ማቃናት በሰከንድ ክፍልፋይ ይለካል። ሦስተኛው የቋንቋ አመጣጥ ነው። ኮርባሊስ ቋንቋ የጀመረው በአፍ ሳይሆን በእጅ ምልክት ነው ብለው ተከራከሩ። ማስረጃቸው ብዙ ነበር፦ ዝንጀሮ መሰል ዘመዶቻችን ድምፃቸውን በፈቃዳቸው የመግራት አቅማቸው አነስተኛ ሲሆን እጃቸውን ግን በደንብ ያዝዛሉ፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የምልክት ቋንቋ ሙሉ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ ማንም በማያየን ጊዜ እንኳ ስልክ እያወራን እጃችንን እናወናጭፋለን። ከቶማስ ሱደንዶርፍ ጋር በ1997 ደግሞ ሰው በአእምሮው ወደ ኋላና ወደ ፊት በጊዜ ውስጥ የሚጓዝበትን ችሎታ፣ ማለትም ትላንትን ማስታወስና ነገን ማሰብ የአንድ ችሎታ ሁለት ፊት መሆናቸውን ጻፉ። በ2016 የአገሪቱ የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ ቴ አፓራንጊ፣ ከፍተኛውን ሽልማቱን፣ የራዘርፎርድን ሜዳልያ ሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥናቶች ቤተ ሙከራ ውስጥ በቀጥታ ይለካሉ። የቋንቋ አመጣጥ ግን በቀጥታ አይለካም፤ ማንም የመጀመሪያውን ተናጋሪ ሊያናግር አይችልም። ሐሳቡ ከየአቅጣጫው በተለቀመ ማስረጃ የተደገፈ ነው፤ የማይቀበሉትም ምሁራን አሉ። ይህም ሳይንስ ነው። «ሳይንስ» የምንለው ነገር ራሱ አንድ ወጥ እንዳልሆነ ከእኚሁ ሰው የሕይወት ሥራ መማር ይቻላል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። በኒው ዚላንድ የሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ሲከለስ፣ ማታውራንጋ ማኦሪ የሚባለው የማኦሪ ሕዝብ እውቀት ከሌሎች የእውቀት ዘርፎች ጋር እኩል ደረጃ እንዲያገኝ ሐሳብ ቀረበ። ከሐሳቡ ጋር ተማሪዎች ሳይንስ ለአውሮፓውያን የበላይነትና ለቅኝ ግዛት ማመካኛ እንዴት እንዳገለገለ እንዲወያዩ የሚል ነገር ነበረበት። በሐምሌ 2021 መጨረሻ ሰባት የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን «ሊስነር» በተባለው መጽሔት ላይ ሳይንስን እንከላከላለን የሚል አጭር ደብዳቤ አወጡ። ፈራሚዎቹ ኬንዳል ክሌመንትስ፣ ጋርዝ ኩፐር፣ ማይክል ኮርባሊስ፣ ዳግላስ ኤሊፍ፣ ሮበርት ኖላ፣ ኤልዛቤት ራታና ጆን ዌሪ ነበሩ። ከሰባቱ አንዱ፣ የባዮኬሚስትሪው ምሁር ጋርዝ ኩፐር፣ ራሳቸው የማኦሪ ተወላጅ ናቸው። ክርክሩን «ነጮችና ማኦሪዎች» ብሎ የሚተርክላችሁ ሰው ካለ ይህን አስታውሱት።

ደብዳቤው ምን አለ? ሳይንስ የምዕራብ አውሮፓ ንብረት አይደለም፤ ከጥንታዊ ግብፅ፣ ከመስጴጦምያ፣ ከግሪክ፣ ከህንድ፣ ከመካከለኛው ዘመን እስላማዊው ዓለም የተጠራቀመ የሰው ሁሉ ገንዘብ ነው አለ። ሀገር በቀል እውቀት ባህልን ለመጠበቅና ለአካባቢ አስተዳደር ወሳኝ ነው፤ ነገር ግን ሳይንስ ብለን ከምንጠራው ነገር ጋር አንድ አይደለም አለ።

ምላሹ ፈጣንና ከባድ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ደብዳቤው በሠራተኞችና በተማሪዎች ዘንድ ብዙ ሐዘን ማሳደሩን ገልጸው የተቋሙ አቋም እንዳልሆነ አስታወቁ። ተቃዋሚ ሳይንቲስቶች ያዘጋጁት ግልጽ ደብዳቤ ከ2,000 በላይ ፊርማ አገኘ። ዳግላስ ኤሊፍ ከተጠባባቂ ዲንነታቸው ወረዱ። የማኅበሩ አባላት በሆኑት በኮርባሊስ፣ በኩፐርና በኖላ ላይ ለሮያል ሶሳይቲ ክስ ቀረበ፤ ሜዳልያውን የሰጠው ማኅበር የክሱ መርማሪ ሆነ። ኮርባሊስ ጉዳዩ እልባት ሳያገኝ በኅዳር 2021 ዐረፉ። በመጋቢት 2022 ማኅበሩ ክሱን እንደማይቀጥልበት አስታወቀ፤ ኩፐርና ኖላ ግን ከአባልነት ለቀቁ።

ሐዘኑ ከምን እንደመጣ ካልተረዳን ፍርዳችን ይጎድላል። ኒው ዚላንድ በ1907 ቶሁንጋ የሚባሉትን የማኦሪ አዋቂዎችና ፈዋሾች ሥራ የሚያግድ ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1962 ነው። እውቀቱ ለ55 ዓመት በሕግ የተከለከለበት ሕዝብ «እውቀታችሁ ሳይንስ አይደለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያነብ የሚሰማው የፍልስፍና ክርክር ብቻ አይደለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሰባቱ ሳይንስ ለሁሉም ክፍት የሆነ የመፈተኛ መንገድ ነው ማለታቸው ትክክል ነው። የተሳሳቱት ማታውራንጋን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥረው በአንድ ዐረፍተ ነገር በመመዘናቸው ነው። ተቃዋሚዎቻቸውም ብዙዎቹ በዚያው መንገድ ሄዱ፤ እነሱም ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከተው «እኩል ነው» አሉ። በአንድ ሕዝብ እውቀት ውስጥ ትዝብት አለ፣ ጥበበ እጅ አለ፣ የምክንያት ትንታኔ አለ፣ ሕግና ሥነ ምግባር አለ፣ እምነት አለ። እነዚህን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ጤፍን፣ ቅቤን፣ ጸሎትንና ዳኝነትን በአንድ ቁና መስፈር ነው። በክስ መርታት ደግሞ ማስረዳት አይደለም። በተሳሳተ ሐሳብ ላይ እንኳ የዲሲፕሊን ምርመራ ሲከፈት ሐሳቡ ሳይመረመር ይቀራል።

ጥያቄው በየአባባሉ ሲቀርብ ምን እንደሚመስል በከዋክብት እንየው። ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸውን ዘለላ ማኦሪዎች ማታሪኪ ይሉታል። በክረምታቸው አጋማሽ ንጋት ላይ ሲወጣ የዓመት መጀመሪያ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። የከዋክብቱን ድምቀት አይተው መጪው አዝመራ እንዴት እንደሚሆን ይናገሩ ነበር። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «ኮከብ ቆጠራ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

አሁን ወደ ፔሩና ቦሊቪያ ተራሮች እንሂድ። የዚያ ገበሬዎችም በሰኔ ሌሊት እነዚሁኑ ከዋክብት ያያሉ። ደምቀው ከታዩ ዝናብ በጊዜው ይመጣል ይላሉ፤ ከፈዘዙ የድንች ተከላቸውን በሳምንታት ያዘገያሉ። ቤንጃሚን ኦርላቭ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ከሁለት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጋር ሆኖ ይህን አባባል መረመረና ውጤቱ በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ ታተመ። የኤልኒኖ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውኃ ሞቆ የአየር ጠባይን የሚያዛባበት፣ ዓመት ሲመጣ በከፍተኛው ሰማይ ላይ በዓይን የማይለይ ስስ ደመና ይበዛል፤ ደመናው ከዋክብቱን ያፈዝዛል። ያው ኤልኒኖ ከወራት በኋላ በተራሮቹ ላይ ዝናብ ያሳንሳል። ገበሬዎቹ ደመናውን አላወቁትም፤ ምልክቱን ግን በትክክል ይዘውታል።

ይህ ድንቅ ነው። ነገር ግን ውጤቱ ስለ አንዲስ ተራሮች ነው። በኒው ዚላንድም እውነት ነው ማለት አይቻልም፤ የኤልኒኖና የዝናቡ ዝምድና በየቦታው ይለያያል። እዚያ የጸናው እዚህ እንደገና መፈተን አለበት። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ምሳሌያችን ለምርምርም ይሠራል።

እኛስ? እዚህ ሐዋሳ፣ ጉዱማሌ የሚከበረው የሲዳማ የዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ በ2015 ዩኔስኮ ከመዘገባቸው ቅርሶች አንዱ ነው። የበዓሉን ቀን የሚለዩት አያንቱዎች የሚባሉት የሰማይ አዋቂዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ አይተው ነው፤ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ብዙ ጊዜ ወይ «ጥልቅ ጥበብ» ብለው ያልፋሉ ወይ ይስቃሉ። ሁለቱም ስሌቱን አይሠሩትም። ስሌቱ እነሆ። ጨረቃ ከአንድ የከዋክብት ዘለላ አጠገብ ተነሥታ ወደዚያው ለመመለስ 27.3 ቀን ያህል ይፈጅባታል። ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ ግን 29.5 ቀን ነው። ስለዚህ ጨረቃ ያንን ዘለላ በተገናኘች ቁጥር ካለፈው ጊዜ በ2 ቀን ያህል ያነሰ ዕድሜ አላት። በአንድ ወቅት ሙሉ ሆና ብታገኘው፣ ከወራት በኋላ ግማሽ ሆና፣ ከዚያም ቀጭን ማጭድ ሆና ታገኘዋለች። ከዘለላው ጋር ስትገናኝ ያላትን መልክ ያየ ሰው ወረቀት ሳይኖረው ዓመቱ የት እንደደረሰ ያውቃል። ይህ የሚታይ፣ የሚለካ፣ ማንም ተማሪ በዓይኑ ሊደግመው የሚችል ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የመስክ ሥራ ቀላል ነው፤ አያንቱው የሚያየውን ዘለላ በጣቱ ያሳይ። ተማሪው ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ፣ ከአድማስ ያለውን ከፍታ በክንድ ርዝመት በተዘረጋ ጡጫ (አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ነው) ይመዝግብ። ማታ በስልኩ ስቴላሪየም የተባለውን የሰማይ ካርታ መተግበሪያ ከፍቶ የዚያን ቀንና ሰዓት ሰማይ ያነጻጽር። ስሙን ከመጽሐፍ ቀድቶ መጻፍ አይበቃም፤ አንድ የአገር ስም በሁለት አካባቢ ሁለት ኮከብ ሊያመለክት ይችላል።

አሁን ምልከታው ትክክል ሆኖ ምክንያቱ የተሳሳተበትን እንይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ጓያ። ሰሜኑና መካከለኛው ኢትዮጵያ ያለ ገበሬ ጓያ እግር እንደሚያሽመደምድ ከማንም ሐኪም በፊት ያውቃል። ምልከታው ፍጹም ትክክል ነው። በየመንደሩ ከሚሰጡት ምክንያቶች መካከል ግን ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው፣ በማሳው መካከል መሄድ ነው፣ ገለባው ላይ መተኛት ነው የሚሉ አሉ። ቤተ ሙከራው ያገኘው ሌላ ነው፤ በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል የነርቭ መርዝ አለ። ጉዳቱ የሚደርሰው በድርቅ ጊዜ ሌላ እህል ሲጠፋና ጓያ ከምግቡ ሲሶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ለወራት ሲበላ ነው። መፍትሔው ከእንፋሎት መሸሽ አይደለም። ፍሬውን ብዙ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ውኃውን መድፋት፣ በአዲስ ብዙ ውኃ ቀቅሎ ያንንም መድፋት፣ ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር ቀላቅሎ መጠኑን ማሳነስ ነው። መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ ውኃው ካልተደፋ መዘፍዘፉ ዋጋ የለውም። ገለባው ላይ መተኛት የተወ፣ ጓያውን ግን ሳይዘፈዝፍ የበላ ሰው ከጉዳት አልዳነም። ያየነውን በትክክል አይተን ምክንያቱን ስንስት ጥንቃቄያችን ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

በሙሉ የተሳሳተም አለ። እንጥል መቁረጥና ለተቅማጥ ብሎ የሕፃን ድድ በስቶ ግግ ማውጣት የአገራችን ልማድ ናቸው፤ የአባቶች ስለሆኑ ብቻ ከምርመራ አያመልጡም። መድማትና መመረዝ ያስከትላሉ፤ ተቅማጡን አያቆሙም። ሕፃኑን የሚያድነው የጠፋውን ውኃና ጨው መመለስ ነው። ሀገር በቀል እውቀትን የምንወድ ሰዎች ይህን ጮክ ብለን ካልተናገርን፣ ስለ ጥሩው የምንናገረውን ማን ያምነናል?

ስለ ጥሩው ደግሞ ከእንዶድ የተሻለ ምሳሌ የለንም። በ1964 አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ብልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው አዩ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ሕያው ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ጨመሩባቸው፤ ሞቱ። ልብ በሉ፤ እናቶች የሚያውቁት ማጠቡን ነበር፤ አክሊሉ የጨመሩት ጥያቄውን ነው። ሁለቱ ባይገናኙ ግኝቱ አይኖርም ነበር። ከዚያ በኋላ ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ያህል ጅረቶች በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ አባዝተው ኃይለኛውን መረጡ፤ ዓይነት 44 የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። በ1989 ሁለቱም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገር ግን ያ ሁሉ የመስክ ውጤት ይዘው ዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ሲቀርቡ፣ በሌላ አገር በታወቀ ቤተ ሙከራ የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ አምጡ ተባሉ። ጥያቄው በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ስሕተቱ ምርመራውን ለመሥራት የሚያስችል ገንዘብና ቤተ ሙከራ ለአዲስ አበባ ሳይሰጥ ዓመታት መባከናቸው ነው። በኋላም አሜሪካ ውስጥ በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚዘጉ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትን እንደሚገድል ሲታወቅ፣ የፈጠራ መብቱ በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ። ሐይቃችን ዳር ልጆች የሚዋኙበትና ዓሣ አጥማጆች የሚውሉበት ውኃ ብልሃርዝያ ያለበት ነው፤ ስለዚህ ይህ ለሐዋሳ ታሪክ ብቻ አይደለም።

የሥነ ልቦና ተማሪዎች ሆይ፤ አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ሌላውን «ሳይንስ አይደለም» ከማለታችን በፊት የእኛ ሙያ ምን ያህል ጸንቶ እንደቆመ እንጠይቅ። በ2015 ከ200 በላይ ተመራማሪዎች ተባብረው በታወቁ መጽሔቶች የወጡ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው ውጤት አገኘን ያሉ ነበሩ፤ ሲደገሙ ያው ውጤት የታየው በ36 በመቶው ብቻ ነው። በተጨማሪ ጥናቶቻችን በብዛት የተሠሩት ከዓለም ሕዝብ ጥቂቱን በያዙ ባለጸጋ አገሮች፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ይህ ሳይንስን መናቂያ ምክንያት አይሆንም፤ ስሕተቱን ያገኘው ራሱ ሳይንስ ነውና። ኩራትን ግን ይቀንሳል።

ላይቤሪያ ውስጥ በክፔሌ ሕዝብ ዘንድ የተደረገ አንድ ጥናት ሁልጊዜ ሊታወሰን ይገባል። ጆሴፍ ግሊክ ምግብ፣ ልብስ፣ መሣሪያና የቤት ዕቃ የሆኑ 20 ነገሮችን ገበሬዎች በየወገናቸው እንዲመድቡ ጠየቀ። ገበሬዎቹ ቢላዋውን ከብርቱካኑ ጋር አስቀመጡ፤ ምክንያቱም ቢላዋ ብርቱካን ይቆርጣል። ጠቢብ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው አሉ። ተመራማሪው በመጨረሻ «ጅል ሰውስ እንዴት ይመድበው ነበር?» ሲል ጠየቀ። ወዲያው ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ አድርገው፣ የፈተናው መጽሐፍ «ከፍተኛ አስተሳሰብ» የሚለውን ምደባ ሠሩ። ችሎታው ነበራቸው፤ ያልገባቸው ጥያቄው ነው። ከሌላ አገር ተተርጉሞ፣ በእኛ አገር ልጆች ላይ ሳይለካ የሚሰጥ የአእምሮ ፈተና ሁሉ ይህ አደጋ አለበት።

መልካሙን መንገድ ያሳዩን የዚምባብዌ ሐኪሞች ናቸው። በሾና ቋንቋ ኩፉንጊሲሳ፣ ማለትም «ሐሳብ ማብዛት» የሚባል ሕመም አለ፤ እኛ «ሐሳብ ገደለኝ» እንደምንለው። ዲክሰን ቺባንዳና ባልደረቦቻቸው ቃሉን ሳይለውጡ ተቀበሉት። በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛው ወገን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሠለጠኑ የሠፈር እናቶች ችግር የመፍታት ምክር እንዲያገኝ አደረጉ። ስድስት ጊዜ ያህል ተገናኙ። ከስድስት ወር በኋላ በምክሩ ወገን የድባቴ ምልክት የቀረው በ14 በመቶ ያህሉ ሲሆን፣ በሌላው ወገን በ50 በመቶ ያህሉ ነበር። የ2016 ውጤት ነው። ቃሉ ከሕዝቡ፣ ዕጣው ከሳይንስ መጣ፤ ማንም «የትኛው ይበልጣል» ብሎ አልተጨቃጨቀም።

እንግዲህ በእጃችን ያለውን አባባል እንዴት እንፈትን? ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚወድቁበትን ቦታ ልንገራችሁ፤ ሰው የሚያስታውሰው የሠመረውን ነው። አንድ ምሳሌ ስሌት ልስጥ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ ናቸው። አንድ ወፍ ከጮኸ በልግ ይሠምራል ተባለ እንበል። በ20 ዓመት ውስጥ ወፉ 15 ጊዜ ጮኸ፤ ከ15ቱ 12 ጊዜ ዘነበ። 80 በመቶ! ሰው ሁሉ ያምናል። ወፉ ያልጮኸባቸውን 5 ዓመቶች ግን ማን ቆጠረ? ከ5ቱ 4 ጊዜ ከዘነበ እሱም 80 በመቶ ነው። ወፉ ምንም አልነገረንም፤ አገሩ ራሱ ዝናባማ ነው። ስለዚህ አራት ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ምልክት ታይቶ የዘነበ፣ ታይቶ ያልዘነበ፣ ሳይታይ የዘነበ፣ ሳይታይ ያልዘነበ። አራቱም ሳጥን ካልተሞላ ድምዳሜ የለም።

ትንበያው ከዝናቡ በፊት ይጻፍ። ሽማግሌው በየካቲት የተናገሩት በራሳቸው ቋንቋ ተጽፎ፣ ቀን ተደርጎበት፣ በፖስታ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ዝናብ የሚለካው ሰው ፖስታውን አያይ። «ዝናብ ገባ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቀድሞ ይወሰን፤ ለምሳሌ በተከታታይ 3 ቀን 20 ሚሊ ሜትር ወርዶ በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ በተከታታይ 10 ቀን ያልደረቀ። መለኪያው ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ይተከል፣ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበብ። ያልዘነበበት ቀን ዜሮ ይጻፍ፤ ባዶ የተተወ ቦታ በኋላ «አልዘነበም» ይሁን «ረሳሁት» አይታወቅም።

ቃለ መጠይቁ ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። «ይህ ተክል ለወባ ይጠቅማል አይደል?» ብሎ የጠየቀ መልሱን ራሱ ሰጥቷል። ሽማግሌዎችን በቡድን ካስቀመጣችሁ መጀመሪያ የተናገሩትን ታላቅ ሌሎቹ አይቃወሙም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ በጋራ ጠይቁ። በሲዳምኛ የሚያስቡትን ሰው በአማርኛ ብትጠይቁ ሁለት የተለያዩ ቃላት ወደ አንድ ይወድቃሉ። የመድኃኒት ተክል ከሆነ ፎቶ አይበቃም፤ አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ፣ ጋዜጣው በየቀኑ እየተቀየረ ይድረቅ፤ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የአካባቢ ስሙ ተጽፎበት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሐርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ተክሎች ማኅደር፣ ይሂድ። መጠኑ «አንድ እፍኝ» ከተባለ ሽማግሌው ሦስት ጊዜ እንዲያፍሱ ጠይቃችሁ እያንዳንዱን በግራም መዝኑ። ኮሶ የመጠን ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስተምሮናል። የኮሶ ትልን በእርግጥ ያስወጣል፤ የአውሮፓ መድኃኒት መጻሕፍትም በ19ኛው መቶ ዘመን ተቀብለውታል። ከልክ ሲያልፍ ግን ዓይን እስከማጥፋት መድረሱ ተመዝግቧል።

አዋቂዎች ብዙ ጊዜ አይናገሩም፤ «መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል» ይላሉ። ከዚህ አባባል ውስጥ ተገቢ ፍርሃት አለ፤ የእንዶድን ነገር አይታችኋል። የማኅበረሰብ እውቀትንና የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ማኅበረሰቡ ቀድሞ መስማማትና ከጥቅሙ መካፈል እንዳለበት ይደነግጋል። ሰነዱ በሚገባቸው ቋንቋ ሳይነበብላቸው አውራ ጣት ማስረገጥ ስምምነት አይባልም።

ከነገርኳችሁ ሁሉ ውጭ የሚቀር ትልቅ ክፍል አለ። በሲዳማ ሀላሌ፣ ማለትም እውነት፣ የኑሮ ሕግ ነው። አፊኒ ደግሞ ነገር ከመወሰኑ በፊት «ሰማችሁ ወይ?» ብሎ ሁሉን ማዳመጥ ነው። እነዚህን በዝናብ መለኪያ የሚፈትን ሰው ነገሩ አልገባውም። ሳይንስ አይደሉም፤ ሳይንስ ለመሆንም አያስፈልጋቸውም። ለሳይንስ ግን እነሱ ያስፈልጉታል። ኦክላንድ ላይ የጎደለው አፊኒ ነበር፤ ደብዳቤው ወጣ፣ መግለጫው ወጣ፣ ፊርማው ተሰበሰበ፣ ክሱ ቀረበ፤ የ85 ዓመቱ ፕሮፌሰር ከተቃወሟቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጥላ ሥር ሳይቀመጡ ሞቱ።

ስለዚህ ሠንጠረዣችሁ ሲሞላ፣ ከመታተሙ በፊት፣ መጀመሪያ ወደ ነገሯችሁ ሽማግሌዎች ውሰዱት። በሲዳምኛ አንብቡላቸው፤ የሠመረውንም ያልሠመረውንም። ትንበያው የሳተባቸውን ዓመቶች አሳይታችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። «ያን ዓመት ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ አላየነውም» ሊሉ ይችላሉ። ያንን የአሮጌው አባባል ማዳኛ አድርጋችሁ ሠንጠረዡን አታስተካክሉበት። በአዲስ ገጽ ላይ እንደ አዲስ አባባል ጻፉት፣ ቀኑን አድርጉበት፣ በአዲስ ፖስታ አሽጉት፣ እስከሚቀጥለው የካቲት ይቆይ።